የልጁ ካርቶን የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን፡፡

ጾመ ፍልሰታን ከሌሎቹ አጽዋማት ለየት የሚያደርገው አንዱ ነገር ሕፃናቱ ናቸው፡፡ ዐቢይ ጾምን ገና ያልጀመሩ፣ ረቡዕና ዓርብን እየረሱ የሚገድፉ ልጆች እንኳ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የእናታቸውን ነጠላ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፡፡ «እኔም ጾመኛ ነኝ» ይላሉ፡፡ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሆዳቸው እየጮኸ ይታገሣሉ፡፡ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ዝናቡም ደጅ አያስወጣም፡፡ በተለይ እኛ ዘንድ ወለጋ፣ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በአርጆም ሆነ በኑኑ ቁምባ፣ ነሐሴ ማለት ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ የሚያድር ዝናብ ማለት ነው፡፡ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፡፡ አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ ሻጋታ ያወጣል፡፡

እናት ቤቷን አገላብጣ የምታየውም በዚሁ ሰሞን ነው፡፡ አዲስ ዓመት ደርሷል፤ ጳጉሜን የአምስት፣ ሲያድላት የስድስት ቀን ወር ናትና ጊዜ አትሰጥም፡፡ ሻንጣው ይከፈታል፣ ጆንያው ይራገፋል፣ አልጋ ሥር ያለው የልጁ ካርቶን ይጎተታል፡፡ ከውስጡ ምን ይወጣል? አንድ ጣሳ ሙሉ ቆርኪ፣ ጎማ የሌለው የሽቦ መኪና፣ ከአሮጌ ካልሲ የተሠራ ኳስ፣ ሁለት ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ፣ የአንደኛ ክፍል ደብተር፣ ካቻምና የጠበበ ሹራብ፡፡ እናት «ኧረ ይሄ ሁሉ ኮተት!» ትላለች፡፡ ልጁ ከሰንበት ትምህርት ቤት እስኪመለስ ድረስ ግማሹ ለቆራሌው ይሸጣል፣ ግማሹ በልዋጭ ሳህን ይሆናል፣ ሹራቡ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ነዳያን ይሰጣል፡፡ ልጁ ሲመጣ ካርቶኑ የለም፡፡ ሲያለቅስ ደግሞ «አታፍርም? ለድሃ ተሰጠ'ኮ! ጾመኛ ነኝ ትል የለም እንዴ?» ይባላል፡፡

ብዙዎቻችን ይህንን በጎ ሥራ አድርገን እንቆጥረዋለን፡፡ ቤቱ ጸዳ፣ ድሃው ለበሰ፣ ልጁም ትንሽ አልቅሶ ይረሳዋል፡፡ ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት ልጁ ስለ ምጽዋት ምን ተማረ? ምጽዋት ማለት አንተ በሌለህበት፣ ከአንተ የሚበረታ ሰው፣ የአንተን ነገር አንሥቶ ለሌላ የሚሰጥበት ነገር ነው ብሎ ተማረ፡፡ ሲያድግ ከሚያጸድቀው ሥራ ሁሉ በፊት ካርቶኑን የሚደብቅበት ቦታ ቢፈልግ ምን ይገርማል?

«የምን የእሱ ነው? ሁሉን የገዛሁት እኔ ነኝ» የሚል ወላጅ ይኖራል፡፡ እውነት ነው፣ ሹራቡን የገዛው ወላጅ ነው፡፡ ኳሱን ግን ማን ሠራው? ያንን ቆርኪ ከየሱቁ ደጃፍ ማን ለቀመው? ለእናት ቆሻሻ የሆነው ቆርኪ በልጆች ዘንድ ይቆጠራል፣ ይመነዘራል፣ በጨዋታ ይበላል፡፡ የተገዛውስ ቢሆን? ለልጅ «ይሄ የአንተ ነው» ብለን ከሰጠነው በኋላ ባሻን ቀን የእኛ ነው የምንል ከሆነ ቀድሞ የሰጠነው ቃል ምን ነበር?

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 10 እና 11 ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ሕግ አለ፡፡ ለባልንጀራው ያበደረ ሰው መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት ዘልቆ እንዳይገባ ይከለክላል፡፡ አበዳሪው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ መያዣውን አውጥቶ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው፡፡ እስቲ አስቡት፤ አበዳሪው መብት አለው፣ ገንዘቡም የራሱ ነው፡፡ ነገር ግን የሰው ጎጆ ገብቶ ሣጥን እየገለበጠ «ይሄን ልውሰድ፣ ያንን ልውሰድ» እንዲል አልተፈቀደለትም፡፡ ተበዳሪው ድሃ ቢሆንም ከእቃዎቹ የትኛውን እንደሚያወጣ የሚመርጠው እሱ ነው፡፡ እግዚአብሔር መብት ላለው አበዳሪ ደጅ መቆምን ካዘዘ፣ በልጁ ካርቶን ፊት ትንሽ መቆም ለወላጅ ምን ይከብደዋል?

ይህ ሐሳብ በሐዲስ ኪዳንም አለ፡፡ ሐናንያ መሬቱን ሸጦ ከዋጋው ባስቀረ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ የወቀሰው በመዋሸቱ ነው፡፡ መሬቱ ሳይሸጥም ሆነ ከተሸጠ በኋላ በገዛ ሥልጣኑ ሥር እንደነበረ ነው የነገረው (ሐዋ. 5፥4)፡፡ ቅዱስ ጳውሎስም አናሲሞስን ከእርሱ ዘንድ ሊያስቀረው ይወድ ነበር፤ ነገር ግን የፊልሞና በጎነት በግድ እንዳይሆን ብሎ ሳያስፈቅደው ምንም ማድረግ አልፈለገም (ፊልሞ. 1፥14)፡፡ ሐዋርያ ነው፤ ማዘዝ ይችል ነበር፤ እሱ ራሱም ይህንኑ ጽፏል፡፡ ጠየቀ እንጂ አላዘዘም፡፡ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ባለጠጋ ጎልማሳ አለ፡፡ ያለውን ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥ ጌታ በነገረው ጊዜ እያዘነ ሄደ (ማቴ. 19፥22)፡፡ ሁሉን የሚችል አምላክ ከኋላው ሄዶ ንብረቱን አልቀማውም፡፡

«እንግዲያ ልጅ ቢጠየቅ ምኑን ይሰጣል? ሁሉም የእኔ ነው ይላል'ኮ!» ትሉ ይሆናል፡፡ ልክ ናችሁ፣ መጀመሪያ ይላል፡፡ ልጅን መጠየቅ ማለት አንድ ጊዜ ጠይቆ ወዲያው መቀበል አይደለም፡፡ ታላቁ አባ እንጦንስ ያንኑ የባለጠጋውን ወንጌል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቶ እንደመነነ ሁላችንም ሰምተናል፡፡ ቅዱስ አትናቴዎስ የጻፈውን ገድሉን አስተውሎ ያነበበ ሰው ግን ነገሩ በአንድ ቀን እንዳላለቀ ያያል፡፡ በመጀመሪያ የእርሻ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ የቤቱን እቃ ሸጦ ለድሆች አካፈለ፤ ለታናሽ እኅቱ ብሎ ግን ጥቂት አስቀረ፡፡ ስለ ነገ አትጨነቁ የሚለውን ቃል በሌላ ቀን ሲሰማ ነው ያንንም የሰጠው፤ እኅቱንም ለታመኑ ደናግል አደራ ያለው፡፡ የመነኮሳት አባት የሚባለው ሰው በሁለት ጊዜ የጨረሰውን ነገር የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት እንዲጨርስ እንጠብቃለን!

ስለዚህ ዘንድሮ ልጁ ካርቶኑን ሁሉ አገላብጦ አንዲት ነገር ብቻ ቢያወጣ በቂ ነው፡፡ ምንም ባያወጣም ካርቶኑን መልሳችሁ ዝጉለት፡፡ ስትዘጉለት ያየ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠየቅ አይፈራም፡፡ «አይሆንም» ማለት እንደሚችል ያወቀ ልጅ ብቻ ነው «ይሁን» ሲል እውነቱን መሆኑ የሚታወቀው፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፡፡ አንዳንድ ወላጅ «አሮጌውን ስጥ፣ አዲስ እገዛልሃለሁ» ይላል፡፡ ይህ ልዋጭ ነው፡፡ ልዋጭ ኃጢአት አይደለም፤ በየሰፈሩ እየጮኸ የሚዞረው ሰውም የሚተዳደረው በዚያ ነው፡፡ ለልጅ ግን ምጽዋት ነው ብለን መንገር የለብንም፡፡ ለአዲስ ዓመት ልብስ የምንገዛለት ከሆነ አሮጌውን ሰጠም አልሰጠም እንግዛለት፡፡

ስለ ጠበበ ልብስ ሳስብ ሁልጊዜ የምትታወሰኝ የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐና ናት፡፡ መጽሐፍ እንደሚነግረን ልጇን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ቀሚስ እየሠራች ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)፡፡ በየዓመቱ መሆኑን ልብ በሉ፡፡ ልጁ ያድጋላ! የአምናው ቀሚስ የት እንደገባ መጽሐፍ አልነገረንም፡፡ እናት ግን ታውቀዋለች፤ ልጅ የለበሰው የመጀመሪያ ልብስ በእጅ ሲያዝ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፡፡ እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገርና፣ ከልጁ ካርቶን ይልቅ የእናቱ ሻንጣ ነው የሚብሰው፡፡ ልጁ የክርስትና ዕለት የለበሰው ነጭ ልብስ፣ መጀመሪያ የቆመበት ጫማ፣ ከእጁ የወለቀ አምባር እዚያ አለ፡፡ ይህ በጣም ደግ ነገር ነው፤ ጣሉት አልልም፡፡ ነገር ግን ራሳችን እንዲህ የምንሳሳለት ነገር እያለን ልጁ ለሽቦ መኪናው ሲያለቅስ መሳቅ አይገባንም፡፡ እሱም ትዝታ አለው፤ የአራት ዓመት ትዝታ ቢሆንም ለእሱ የዕድሜውን ግማሽ ያህላል፡፡

ስለ ቡፌውስ ምን እንላለን? በከተማ ብዙ ቤት ውስጥ ከሳሎኑ ግድግዳ ግማሹን የያዘ ቡፌ አለ፡፡ በውስጡ ለሠርግ የመጣ የብርጭቆ ስብስብ ይቀመጣል፤ «ለእንግዳ ነው» ይባላል፡፡ እንግዳው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ብርጭቆው ግን አይወጣም፡፡ ከቡፌው ላይ የማይሠራ ሬዲዮ፣ ከጓዳ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ከቆጡ ላይ ጆሮው የተሰበረ ጀበና፣ ከበሩ ኋላ ክዳን የሌለው ጀሪካን ስድስት! «አንድ ቀን ይጠቅማል» ይባላል፡፡ ሁለት ካባ፣ ሦስት ካፖርት ያለው አባት ልጁን «ሁለት ልብስ ያለው አንዱን ይስጥ ይላል ወንጌል» ብሎ ቢመክረው (ሉቃ. 3፥11) ልጁ አፍ አውጥቶ ባይመልስም ዓይኑ ወደ ቁምሳጥኑ ይሄዳል፡፡ ልጆች ስንናገር ከሚሰሙን ይልቅ ስናደርግ የሚያዩት ይበዛል፡፡

ቅዳሴው በቤተ ክርስቲያናችን የሚቀደሰው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለዚያ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስላሰበው ሰነፍ ባለጠጋ ሲያስተምር፣ በሣጥን የታጠፈው ልብስ የታረዘው ሰው እንደሆነ፣ በቤት ውስጥ የሚበሰብሰውም ጫማ ባዶ እግሩን ለሚሄደው እንደሚገባ አስተምሯል፡፡ ያስተማረው ለአዋቂዎች ነው፤ ሕፃናትን ሰብስቦ አይደለም፡፡ ራሱም በአገሩ በቀጰዶቅያ ረኃብ በገባ ጊዜ ድሆችን ሰብስቦ በእጁ ያበላ አባት ነው፡፡ በእኛም ዘመን በ2013 ዓ.ም. ያረፉትን ወይዘሮ አበበች ጎበናን አንረሳቸውም፡፡ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ሄደው በረኃብ የወደቀውን ሕዝብ ሲያዩ በእጃቸው ይዘውት የነበረውን ዳቦ ሰጡ፤ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው ተመለሱ፡፡ መጀመሪያ የሰጡት የገዛ ስንቃቸውን ነው፡፡ ልጆቻችሁ ካርቶናቸውን ከመክፈታቸው በፊት እናንተ ቡፌውን ስትከፍቱ ይዩ የምለው ለዚህ ነው፡፡

ሌላው ጉዳይ የሚሰጠው ነገር ነው፡፡ ነቢዩ ሚልክያስ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያመጡ የነበሩትን ወገኖች ይህንኑ ለአለቃችሁ ብታቀርቡት ይቀበላችኋልን ብሎ ይገሥጻቸዋል (ሚል. 1፥8)፡፡ ዚፑ የተነቀለ ሱሪ፣ የተበሳ ካልሲ፣ አንድ እግር ጫማ በፌስታል ጠቅልሎ ነዳያን ዘንድ ማድረስ ቤት ማጽዳት እንጂ ሌላ ስም የለውም፡፡ ልጅ ይህን ልዩነት ቶሎ ይረዳል፡፡ «አንተ ብትሆን ትለብሰዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው፡፡ «አልለብሰውም» ካለ ለመወልወያ ይሁን፣ ቆርቆሮውም ለቆራሌው ይሂድ፤ ምንም ነውር የለውም፡፡ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረትና ጣሳ ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ ሲሆን ያየ ሰው ቆራሌ የሚወስደው እንደማይባክን ያውቃል፡፡

ለትንንሽ ከተሞቻችን ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ በትንሽ የወረዳ ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፡፡ የአቶ እገሌ ልጅ አምና የለበሰው ቀይ ጃኬት ዘንድሮ በማን ጀርባ ላይ እንዳለ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፡፡ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሰጪው ልጅ በየዋህነት «ይሄ የእኔ ነበር!» ብሎ ከጮኸ ተቀባዩ ያን ጃኬት ዳግመኛ አይለብሰውም፤ በብርድ መንቀጥቀጥ ይሻለዋል፡፡ ቀኝ እጅ የምታደርገውን ግራ እጅ አትወቅ የተባለው ለሰጪው ዋጋ ብቻ ይመስለናል፤ ለተቀባዩም መሸፈኛ ነው፡፡ ስለዚህ ልጁ በሚሰጥበት ዕለት አብሮ ዝምታንም ይማር፡፡ ከተቻለም በሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም በካህኑ እጅ፣ ወደ ሌላ ሰፈር እንዲሄድ ማድረግ ነው፡፡

አሁን ደግሞ የማይጠየቅ ነገርም እንዳለ ልናገር፤ ልጅን ማክበር ሥልጣንን መጣል አይደለምና፡፡ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ ስባሪ ጠርሙስ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ አይጥ የገባበት ጨርቅ፣ የሻገተ ፍራሽ ከልጅ ጋር ምክክር አያሻውም፡፡ ያን ወላጅ ያወጣዋል፡፡ ሲያወጣም ለምን እንዳወጣው ይነግረዋል፤ «ለድሃ ሰጠሁት» ብሎ ግን አይዋሽም፡፡ መና እንኳ ከታዘዘው በላይ ያደረ ዕለት ተልቷል (ዘፀ. 16፥20)፤ በእኛ ክረምት ደግሞ ከመና ያነሰ ነገር ይተላል፡፡

አባቱን በሞት ያጣ ልጅ እናስብ፡፡ በልማዳችን የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል፤ መልካም ልማድ ነው፡፡ ልጁ ግን የአባቱን ኮት ትራሱ ሥር ይዞ ያድራል፤ የአባቱ ጠረን አለበት፡፡ ዘመድ ተሰብስቦ «ለነፍሱ ይጠቅማል» ብሎ ኮቱን ቢወስድበት ለሟቹ ነፍስ ጸሎት ነው ወይስ በሕያው ልጅ ላይ ሁለተኛ ሞት ነው? የቀረው ልብስ ይሰጥ፤ ኮቱ ይቆይለት፡፡ አንድ ቀን ራሱ «ለእገሌ ይሆነዋል» ብሎ ያወጣው ይሆናል፡፡ ባያወጣውም ማንም አልተጎዳ፡፡

ሌላም ልጅ አለ፤ በአገራችን ቁጥሩ ብዙ ሆኗል፡፡ በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ወገኖች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ሲጎርፉ፣ ነቀምቴም ብዙዎችን ተቀብላለች፡፡ ከዚያም ወዲህ በነበሩት ዓመታት በወለጋ በየአቅጣጫው ስንቱ ቤቱን ትቶ በሌሊት ወጥቷል፡፡ ልብስና ብርድ ልብስ፣ አንድ ድስት የሚያስፈልገው ሰው ሩቅ አገር አይደለም ያለው፤ ምናልባት ከእናንተ ጋር ቆሞ ያስቀድሳል፡፡ ይህንን ልጆቻችሁ ይወቁ፡፡ ነገር ግን ከዚያ ሌሊት የወጣው ልጅ በእናንተ ቤት ተጠግቶ ከሆነ፣ አሮጌ ፌስታል፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ቁራጭ ገመድ ሲያከማች ብታዩት ኮተት አትበሉበት፡፡ ሁሉን በአንድ ሌሊት ላጣ ልጅ የሚጨበጥ ነገር ሁሉ ይዞታ ነው፡፡ እሱን «ስጥ» ከማለት በፊት የሚቆለፍ ሣጥን ስጡት፤ ቁልፉንም እሱ ይያዘው፡፡

እንግዲህ ነሐሴ 16 ቀን ጾሙ ከተፈታ እስከ ዕንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ አለ፡፡ ፀሐይ ብልጭ ያለች ቀን ካርቶኑን ልጁ ራሱ ወደ በረንዳ ያውጣው፤ እናንተም ሻንጣችሁንና ቡፌያችሁን ከጎኑ ክፈቱ፡፡ እሱ የመረጠውን ሹራብ እናንተ አታጠቡለት፤ ከአጠገባችሁ ሆኖ በትንሽ እጁ ይሸው፡፡ ቁልፉ የወለቀ እንደሆነ ቁልፍ ትከሉለት፣ ክሩን በመርፌው እሱ ያስገባ፡፡ ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ እንዳይታጠፍ፤ በእኛ አገር ዝናብ እርጥብ ሹራብ በፌስታል ከታሠረ በማግስቱ ይሸታልና፣ ምድጃ አጠገብ ሰቅላችሁም ቢሆን አድርቁት፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡